መንገዱ አለ፣ መንገደኛው የለም፦ ኢንተርኔት ኬላ ላይ ሲቆም

ዛሬ ከወትሮው ወጣ ያለ ርዕስ ይዤ መጥቻለሁ። ርዕሱ ቴክኒክ ነው፤ ስታነቡት ግን ፖለቲካ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወራት ካለፉ በኋላ ነው። አንድ ቅዳሜ ዘ ሄግ፣ ትራንስቫል ሠፈር ያለው ትልቁ ገበያ ውስጥ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ስገዛ አንዲት እናት አስቆሙኝ። «ወንድሜ፣ አንተ በቴሌቪዥን የምትናገረው አይደለህም?» አሉኝ። ነኝ አልኳቸው። «እህቴ ጎጃም ናት። ድሮ በየቀኑ በስልኬ ፊቷን አያት ነበር። አሁን አትገባም። ልጄ ኮምፒውተር ተምሯል፤ አይቶ ሲነግረኝ ግን ‹እማዬ፣ የኢትዮጵያ መንገድ ክፍት ነው፣ እዚህ ሆኜ አየዋለሁ› ይለኛል። መንገዱ ክፍት ከሆነ እህቴ የት ሄደች?»

ያን ቀን ጥሩ መልስ አልሰጠኋቸውም። እኔ የተማርኩት ፖለቲካል ሳይንስ ነው፤ ራውተር አይደለም። በኋላ ሳነብና የሚያውቁ ልጆችን ስጠይቅ ግን ጥያቄያቸው የጉዳዩ እምብርት ሆኖ አገኘሁት። ልጁም አልዋሸም፣ እናቲቱም አልተሳሳቱም። ሁለቱም እንዴት ልክ ሊሆኑ እንደቻሉ ላስረዳ።

ራውተር ምን ያውቃል?

ራውተር በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ኔትወርኮች መካከል የቆመ መሣሪያ ነው። ሥራው አንድ ነው፤ የመጣለትን መልእክት አድራሻ አይቶ በየትኛው በር እንደሚያስወጣው መወሰን። ይህንን የሚወስነው በውስጡ ከያዘው የመንገድ ሰንጠረዥ ተነስቶ ነው። ሰንጠረዡን ታዲያ ማን ይሞላዋል? በአመዛኙ ጎረቤቶቹ ናቸው። እያንዳንዱ ራውተር ለጎረቤቱ «ወደዚህ አድራሻ በእኔ በኩል ይደረሳል» እያለ ያሳውቃል። መንገዱ ሲዘጋም «በእኔ በኩል መሄድ ቀርቷል» ይላል። ይህ የመንገድ ማሳወቂያ ይባላል።

ትልልቅ ኔትወርኮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ቢጂፒ ይባላል። በዚህ ቋንቋ እያንዳንዱ ኔትወርክ የራሱ ቁጥር አለው፤ የኢትዮ ቴሌኮም 24757 ነው። ዛሬ የዓለም የመንገድ ሰንጠረዥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ መንገዶችን ይዟል። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ የቆመው በመተማመን ላይ ነው። ቢጂፒ ሲነደፍ ጎረቤት የሚናገረው እውነት ነው ተብሎ ታስቦ ነው። ጎረቤቱ ቢሳሳትስ? ቢዋሽስ? ለሚለው ጥያቄ ቋንቋው ራሱ መልስ አልነበረውም።

አንድ ሌላ ሕግ አለ፤ እርሱን ካልያዝን ቀጥሎ የሚመጣው አይገባንም። ራውተር ሁለት መንገድ ሲቀርብለት ይበልጥ ዝርዝር የሆነውን ይመርጣል። ምሳሌውን ከዚሁ ከሆላንድ ልውሰድ። ትራንስቫል የሚባል ሠፈር ዘ ሄግ አለ፣ አምስተርዳምም አለ፤ ሮተርዳምም በደቡብ አፍሪካ ስሞች የተሞላ ሠፈር አላት። አንድ ሰው «ትራንስቫል ውሰደኝ» ቢል ሹፌሩ ይቸገራል። ሌላው መጥቶ «ትራንስቫል፣ ዘ ሄግ፣ ይህ መንገድ፣ ይህ የቤት ቁጥር» ቢለው ያለ ጥርጥር ወደዚያ ይነዳል። የቤት ቁጥሩ ሐሰት ቢሆንም ይነዳል። ራውተርም እንደዚሁ ነው፤ ዝርዝር ያቀረበለትን ይከተላል። እውነተኛ መሆኑን ግን በራሱ አያጣራም።

ወንፊቱ የት ይቀመጣል?

ስለዚህ በሁለት ኔትወርኮች ድንበር ላይ ወንፊት ያስፈልጋል። ባለሙያዎቹ የመንገድ ማሳወቂያ ማጣራት ይሉታል። ወንፊቱ በሁለት አቅጣጫ ይሠራል። ገቢውን ያጣራል፤ ጎረቤት ከሚነግረኝ ውስጥ የቱን ልመን? ወጪውንም ያጣራል፤ ከማውቀው ውስጥ የቱን ለጎረቤት ልናገር?

የማጣሪያ ዘዴዎቹ ብዙ ናቸው፤ አራቱን ብናውቅ ይበቃናል።

አንደኛው በአድራሻ ማጣራት ነው። «ይህ ደንበኛዬ እነዚህ አድራሻዎች ብቻ አሉት፤ ሌላ ቢያውጅ አልቀበለውም» ማለት ነው።

ሁለተኛው በመጣበት መንገድ ማጣራት ነው። ማሳወቂያው የትኞቹን ኔትወርኮች አልፎ እንደመጣ ቁጥራቸው ተጽፎበት ይመጣል። አንድ ትንሽ ኩባንያ የታላላቆቹን ኔትወርኮች መንገድ በእኔ በኩል ነው ብሎ ቢመጣ አንድ ነገር እንደተበላሸ ይታወቃል።

ሦስተኛው በብዛት መገደብ ነው። 50 መንገድ ሲያሳውቅ የኖረ ጎረቤት በአንድ ጊዜ 50 ሺህ ቢያመጣ ግንኙነቱ ይቋረጣል።

አራተኛው በፊርማ ማረጋገጥ ነው። የአድራሻው ባለቤት «ይህንን አድራሻ ማወጅ የሚችለው ይህ ቁጥር ያለው ኔትወርክ ብቻ ነው» ብሎ በዲጂታል ፊርማ ያስመዘግባል። ምዝገባው ለአውሮፓና ለመካከለኛው ምሥራቅ አምስተርዳም በሚገኘው ራይፕ ኤንሲሲ፣ ለአፍሪካ ደግሞ ሞሪሺየስ በሚገኘው አፍሪኒክ ይካሄዳል።

እዚህ ላይ የቴክኒክ ልጆቻችን ደጋግመው የሚሳሳቱባቸውን ሁለት ነገሮች ልጨምር። አንደኛ፣ የማጣሪያው ዝርዝር ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ መጀመሪያ የገጠመው መስመር ይወስናል፤ በመጨረሻ ላይ ደግሞ ያልተጻፈ መስመር አለ፦ «የቀረው ሁሉ ይከልከል»። «ይህን ከልክል» ብሎ ብቻ ጽፎ «ሌላውን ፍቀድ» ማለት የረሳ ሰው ሁሉንም ይዘጋል። ሁለተኛ፣ በአንድ ድርጅት ውስጥ ኦስፒኤፍን የመሰለ ቋንቋ የሚጠቀሙ ራውተሮች አንድ ዓይነት ካርታ ይጋራሉ። እዚያ አንዱ ራውተር ገቢውን ቢያጣራ መንገዱን ከራሱ ሰንጠረዥ ያስቀረዋል እንጂ ከጋራው ካርታ አይፍቀውም፤ ጎረቤቱ አሁንም ያውቀዋል። እውነቱን አልሰማም ያለ ሰው እውነቱን ከመንደሩ አላጠፋውም እንደማለት ነው።

ወንፊት ሲጠፋ፦ ከኢስላማባድ እስከ ሆላንድ

የካቲት 24 ቀን 2008 የፓኪስታን መንግሥት ዩቲዩብ በአገሩ ውስጥ እንዲዘጋ አዘዘ። የአገሪቱ ቴሌኮም ትእዛዙን የፈጸመው በመንገድ ማሳወቂያ ነበር። ዩቲዩብ በወቅቱ 1024 አድራሻዎችን በአንድ ጥቅል ያውጅ ነበር። ፓኪስታን ቴሌኮም ከዚያ ውስጥ 256ቱን ነጥሎ «በእኔ በኩል ነው» አለ፤ የመጣለትን መልእክት ግን ጉድጓድ ውስጥ ይጥለው ነበር። ይህ በአገር ውስጥ ሊቀር የታሰበ ነበር። ወጪውን የሚያጣራ ወንፊት ስላልነበረ ማሳወቂያው ሆንግ ኮንግ ወዳለው ዓለም አቀፍ አገናኛቸው አለፈ። ያም ገቢውን ሳያጣራ ለዓለም አዳረሰው።

የቅድሙን ሕግ አስታውሱ፤ ዝርዝሩ ያሸንፋል። ከመላው ዓለም ወደ ዩቲዩብ የሚሄደው መልእክት በብዛት ወደ ፓኪስታን ነጎደ። ዩቲዩብ ከሁለት ሰዓት በላይ ከዓለም ተሰወረ። ያዳነው እርሱም ይበልጥ ዝርዝር ማሳወቂያ ማውጣቱ፣ በመጨረሻም የሆንግ ኮንጉ ኩባንያ የፓኪስታንን መንገድ ማንሳቱ ነው። አባቶቻችን ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይላሉ። አንድ መንግሥት ለዜጎቹ የቆፈረው ጉድጓድ ኒውዮርክና አምስተርዳም ያለውን ሰው ዋጠ።

ይህ የድሃ አገር ችግር ነው የምትሉ ካላችሁ ወደ ሆላንድ እንመለስ። ሰኔ 6 ቀን 2019 አንድ የስዊዘርላንድ የዳታ ማዕከል ኩባንያ ከ70 ሺህ በላይ መንገዶችን በስህተት ለቻይና ቴሌኮም አሳወቀ። ቻይና ቴሌኮም አላጣራም፤ ተቀብሎ ለሌሎች አስተላለፈ። ለሁለት ሰዓት ያህል የስዊዘርላንድ፣ የፈረንሳይና የሆላንድ ትልልቅ ኩባንያዎች መልእክት በቻይና ኔትወርክ በኩል ዞረ። ከተጎዱት አንዱ የሆላንዱ ኬፒኤን ነው፤ ደንበኞቹ በባንክ ካርድ መክፈል ያቃታቸው በዚሁ ምክንያት መሆኑን ገልጿል። እዚህ ላይ የአድራሻ ባለቤት ፊርማ ብቻውን አይበቃም፤ የመንገዶቹ መነሻ እውነተኛ ነው፣ የተበላሸው በመካከል ያለፉበት ነው። የመንገድና የብዛት ማጣሪያ ቢኖር ግን ገና በበሩ ላይ ይቆም ነበር።

ስለዚህ ወንፊት በራሱ ክፉ አይደለም። አምስተርዳም ውስጥ ከ800 በላይ ኔትወርኮች የሚገናኙበት ኤኤምኤስ አይኤክስ የሚባል ማዕከል አለ። በ1997 በማኅበር መልክ የተቋቋመ ነው፤ ባለቤቶቹ አባላቱ ናቸው እንጂ መንግሥት አይደለም። የማዕከሉ የማሳወቂያ አከፋፋዮች የሚቀበሉትን መንገድ ከምዝገባና ከፊርማ ጋር እያመሳከሩ ያጣራሉ። ደንቡም የታወቀና የተጻፈ ነው። ያ ወንፊት ሕዝቡን ይጠብቃል።

ወንፊት በአንድ እጅ ሲገባ

ጥያቄው እንግዲህ ወንፊቱ በማን እጅ ነው የሚለው ነው። ጥር 2011 መጨረሻ ላይ የግብፅ መንግሥት የታህሪር አደባባይን ሰልፍ ለማዳከም ኢንተርኔት ሲያቋርጥ ወደ 3,500 የሚጠጉ መንገዶች በአንድ ሌሊት ከዓለም ሰንጠረዥ ተነሱ። ግብፅ ውስጥ ግን በርካታ ኩባንያዎች ነበሩ፤ የአክሲዮን ገበያው የሚጠቀምበት አንዱ ለተጨማሪ ጥቂት ቀናት ክፍት ቆይቷል። ትእዛዙ በብዙ በር ማለፍ ነበረበት ማለት ነው።

በእኛ አገርስ? ኢትዮጵያ ወደብ የላትም፤ የባሕር ገመድ በቀጥታ አይደርሳትም፤ በጎረቤት አገሮች በኩል ነው የምትገናኘው። ለረጅም ዘመን ደግሞ ያለው ኩባንያ አንድ ብቻ፣ እርሱም የመንግሥት ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት የጀመረው በ2022 ነው። አንድ በር፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ እጅ።

ግን አዘጋጉ ሁሌ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ይህንን መለየት ያስፈልጋል። ከ2006 ጀምሮ የነበረው እገዳ በተመረጡ ድረ ገጾች ላይ ያነጣጠረ ነው። በ2012 ቶር የተባለው መሸሸጊያ ሲዘጋ ደግሞ መልእክቱን ከፍቶ የሚመረምር ቴክኖሎጂ ሥራ ላይ ውሏል። በሰኔ 2018 መንግሥት 264 ድረ ገጾችን መክፈቱን አስታወቀ፤ ብዙዎቻችን ተደሰትን። በ2019 በብሔራዊ ፈተና ጊዜ፣ ከዚያም በሰኔ ወሩ ግድያ ማግስት ኢንተርኔት ተቋረጠ። በሰኔ 2020 መጨረሻ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ለሦስት ሳምንት ያህል አገሪቱ ጨለመች። በኅዳር 2020 የትግራይ፣ በነሐሴ 2023 የአማራ ክልል ተራ ደረሰ።

አሁን ለትራንስቫሏ እናት መልስ መስጠት እንችላለን። ልጃቸው ያየው የመንገድ ሰንጠረዡን ነው። ሰንጠረዡ የሚናገረው የአገሪቱ ኔትወርክ ለዓለም «እዚህ ነኝ» እያለ መሆኑን ብቻ ነው። አዲስ አበባ እየሠራ፣ አንድ ክልል ብቻ ሲዘጋ የአገሪቱን መንገድ ማንሳት አያስፈልግም። እንዲያውም አይቻልም፤ የሞባይል ኩባንያ አድራሻ ሲያድል ለጎጃም የተለየ፣ ለሸዋ የተለየ ብሎ የግድ አይከፋፍልም። ክልል የሚዘጋው ከውስጥ ነው፤ ሲም ካርዱና አንቴናው የዳታ አገልግሎት እንዳይሰጡ በማድረግ። ከውጭ ሆኖ ድንበሩን ለሚያይ ሰው ኬላው ክፍት ነው፣ አስፋልቱም አለ። መንደሩ ውስጥ ግን ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ ተከልክሏል።

የአምስተርዳሙ ትራንስቫል ውስጥ አንድ አደባባይ አለ። ድሮ በቦር መሪው በፕሪቶሪየስ ስም ይጠራ ነበር፤ ዛሬ ስቲቭ ቢኮ ይባላል። ሰሌዳው ሲቀየር አደባባዩ ንቅንቅ አላለም። ሰሌዳና ቦታ ሁለት ነገሮች ናቸው። የመንገድ ማሳወቂያም ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ተነቅሎ ቦታው ሊኖር ይችላል፤ ግብፅ እንደዚያ ሆነች። ሰሌዳው ቆሞ ቦታው ባዶ ሊሆን ይችላል፤ የእናቲቱ እህት ጉዳይ ይህ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ከራሳችን ልጀምር። እኛ በውጭ ያለን ሚዲያዎች ኢንተርኔት በተቆራረጠ ቁጥር «መንግሥት ገመዱን በጠሰው» ብለን እንቸኩላለን። አንዳንዴ የፋይበር ብልሽት ይሆናል፣ አንዳንዴ የመብራት መጥፋት፣ አንዳንዴ ትእዛዝ። ሳንለይ ስንናገር ተጠያቂው ማምለጫ ያገኛል፤ «ይኸው መንገዱ ክፍት ነው፣ ውሸታቸውን ነው» ይላል። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ነገር እንመልከት። አንድ፣ መንገዱ ይታወጃል ወይ? ይህንን ራይፕ ኤንሲሲ ለማንም ክፍት ባደረገው መረጃ ማየት ይቻላል። ሁለት፣ በመንገዱ ላይ የሚያልፈው መልእክት መጠን ስንት ነው? ክላውድፍሌርን የመሰሉ ድርጅቶች ያወጡታል። ሦስት፣ እዚያው ያለው ሰው ምን ይላል? በተራ ስልክ ደውሎ መጠየቅ። ማሳወቂያው ቆሞ፣ መጠኑ ወድቆ፣ ሰውየው «ዳታ የለም፣ መብራት ግን አለ» ካለ ነገሩ የገመድ ብልሽት ላይሆን እንደሚችል ያን ጊዜ በማስረጃ መናገር እንችላለን።

ሁለተኛው ከባለሥልጣናት የምንጠይቀው ነው። መንግሥት ኢንተርኔትን የሚዘጋው ለጸጥታ ነው ይላል። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድም በ2019 ኢንተርኔት ውሃም አየርም አይደለም የሚል ሐሳብ ሰንዝረው ነበር። እሺ፣ ውሃና አየር አይሁን። ደመወዝ በስልክ ለሚቀበል፣ ሐኪም በስልክ ለሚያማክር፣ ልጁ የላከለትን ገንዘብ በስልክ ለሚጠብቅ ሽማግሌ ግን መንገድ ነው። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ማን ዘጋው፣ በየትኛው ሕግ፣ እስከ መቼ ብሎ መጠየቅ የዜጋ መብት ነው። ትእዛዙ በጽሑፍ ይሁን፤ ፍርድ ቤት ይየው፤ መጨረሻው ቀን ይታወቅ። ይህ ከማንም ብሔርና ከማንም ፓርቲ ወገንተኝነት ጋር አይያያዝም። መጀመሪያ መቀሌ፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ነገ የት እንደሆነ አናውቅም።

ሦስተኛው ለወጣት መሐንዲሶቻችን ነው። በባንክም ሥሩ፣ በዩኒቨርሲቲም፣ በቴሌም፣ መጀመሪያ ጥሩውን ወንፊት አጥብቃችሁ ያዙ። የራሳችሁን አድራሻ በፊርማ አስመዝግቡ፤ ከደንበኛ የሚመጣውን አጣሩ፤ የእናንተ ያልሆነውን ለዓለም አታውጁ። አገራችን እንደ ፓኪስታን የዓለም መነጋገሪያ የምትሆነው በአንዲት የተረሳች መስመር ሊሆን ይችላል። ሌላም ልበላችሁ። ራውተር ላይ የምትጽፉት እያንዳንዱ «ይከልከል» በሌላ ጫፍ አንድ ሰው ላይ ያርፋል። ማሽኑ ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በሰሌዳው ፊት የተቀመጠው ሰው ነው።

እናቲቱን በኋላ እዚያው ገበያ አገኘኋቸው። ይህንኑ በአጭሩ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «እንዲህ ከሆነ ልጄን በከንቱ ነው የተቆጣሁት» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «ግን እኮ እህቴ አሁንም አልገባችም» አሉኝ። ለዚህ መልስ መስጠት ያለብኝ እኔ ሳልሆን ቁልፉን የያዘው ነው።